“ዝይ?” የሚል ካርድ የነበረው ሳጥን

ሳጥኑ ከጫማ ካርቶን አይበልጥም። ውስጡ ያለው ካርድ ላይ በእርሳስ “ዝይ?” ተብሎ ተጽፏል። ከሥሩ የዋሻው ኮድ፣ የአፈሩ ንብርብር ቁጥርና አጥንቱ የተለቀመበት ቀን አለ። ሌላ ምንም የለም። ማን እንደጻፈውም አይታወቅም።

የሙዚየሙ የአጥንት ስብስብ ኃላፊ ሳጥኑን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጠው “በዚህ እጅህን አፍታታ” አሉኝ። ያኔ የአጥንት ንጽጽር ገና ጀማሪ ነበርኩ። እስከ ማታ የምጨርሰው መስሎኝ ነበር። ሰባት ወር ፈጀብኝ።

ይህን የምጽፈው እንደኔ የተሰባበረ አጽም ቀርቦላችሁ “የምን ወፍ ነው?” ለተባላችሁ ነው። የተሳሳትኩባቸውን ቦታዎች አልዘልም። ጊዜዬን የበሉት እነሱ ናቸውና። ዋሻው በሰሜን አትላንቲክ ዳርቻ የሚገኝ ነው። ስሙን ግን አልናገርም። የቅሪተ አካል ቦታ ስሙ ከወጣ አካፋ ይዞ የሚሄድ ሰው አይጠፋም።

ሳጥኑ ውስጥ አሥራ አንድ ቁራጭ ነበር። ሑመረስ ከሚባለው የክንፍ የላይኛው አጥንት ሁለት ግማሾች አሉ፤ አንዱ ከትከሻ በኩል ያለው፣ ሌላው ከክርን በኩል ያለው። አንድ አልና አለ፤ ከክርን በታች ካሉት ሁለት አጥንቶች ወፍራሙ ማለት ነው። እሱ ሙሉ ነው። ጫፉ የተሰበረ ኮራኮይድ (ትከሻን ከደረት አጥንት ጋር የሚያገናኘው)፣ የደረት አጥንት ቁራጭ፣ ሁለት ጫፎቹን ያጣ የጭን አጥንት፣ አንድ የእግር አጥንት፣ ሁለት የአከርካሪ አጥንቶችና ሁለት የጎድን ስብርባሪዎች። ጭንቅላት የለም። መንቁር የለም። ሰው ወፍን የሚለይበት ነገር ሁሉ የለም።

መጀመሪያ የምትሠሩት ነገር ስም ማውጣት አይደለም። ወፍ መሆኑን ማረጋገጥ ነው። የሚያስቅ ይመስላል፤ ግን ከዋሻ የወጣ ቁራጭ አጥንት የጥንቸልም ሊሆን ይችላል። የኛን የገለጠው የእግሩ አጥንት ነው። ወፍ ላይ የቁርጭምጭሚቱ የታች አጥንቶችና የመሃል እግር አጥንቶች ተዋህደው አንድ ዘንግ ይሆናሉ፤ ታርሶሜታታርሰስ ይባላል። ከታች ለጣቶቹ የሚሆኑ ሦስት መዘውር የመሰሉ ጫፎች አሉት። ከኛው አንዱ መዘውር ተሰብሯል። ቢሆንም ከዚህ አጥንት ጋር የሚምታታ የጥንቸል አጥንት የለም።

ቀጥሎ ግራና ቀኝ። ይህን ጀማሪ ሁሉ ይዘለዋል፤ እኔም ዘልዬው ተመልሻለሁ። እያንዳንዱ አጥንት የየትኛው ጎን እንደሆነ ሳታውቁ ማወዳደር አትችሉም፤ የግራን ከቀኝ ጋር አጋጥማችሁ “ይለያያል” ትላላችሁ። የሑመረሶቹ ግማሾች አንዱ የግራ፣ አንዱ የቀኝ ሆኑ። አንድ ዓይነት ቁራጭ ሁለት ጊዜ ስላልመጣ፣ ሳጥኑ ውስጥ ያለው ወፍ ቢያንስ አንድ ነው። እዚህ ጋ “ቢያንስ” የምትለዋን ቃል አጥብቃችሁ ያዟት። ቢያንስ አንድ ማለት አንድ ብቻ ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1999 “አርኬዮራፕተር” ተብሎ ዓለምን ጉድ ያሰኘው ቅሪተ አካል የጥንት ወፍ አካልና የዳይኖሰር ጅራት ተገጣጥመው የተሠራ ሆኖ ተገኝቷል። እዚያ ያጣበቀው የሰው እጅ ነው። ዋሻ ውስጥ ግን ጎርፍም፣ ቀበሮም፣ ጉጉትም ያንኑ ይሠራሉ።

ይህን አንብቤ ስለነበር በጣም ጠንቃቃ ሆንኩ። ከልክ በላይ ጠንቃቃ። አልናውን ከሌሎቹ አጠገብ ሳስቀምጠው አነሰብኝ። ሑመረሶቹ ትልልቅ ናቸው፣ አልናው አጭር ነው። ከአንድ ወፍ አይደለም ብዬ በትንሽ ፌስታል ከትቼ “ሌላ፣ ትንሽ ወፍ” ብዬ ጻፍኩበት። ኮራሁም። እዚህች ፌስታል ላይ በኋላ እመለሳለሁ።

አሁን ካርዱን እንመርምር። ዝይ ነው ወይ?

ካርዱን የጻፈው ሰው መጠኑን አይቶ እንደሆነ ግልጽ ነው። አጥንቶቹ የዝይ ያህል ናቸው። ግን መጠን ዝርያን ለመለየት መጀመሪያ የሚያዝ ነገር አይደለም። ቅርጽ ይቀድማል። ብዙ ወፎች ላይ የአየር ከረጢቶች ከሳንባው ተነስተው አጥንት ውስጥ ይገባሉ። ዝይ ላይ የመግቢያቸው ቀዳዳ በሑመረሱ የትከሻ ጫፍ አጠገብ፣ በኋላ በኩል በግልጽ ይታያል። በአጉሊ መነጽር መፈለግ አያስፈልግም። የኛን ገልብጬ ሳየው ቀዳዳ የለውም። ያለው ወለሉ የተደፈነ ጎድጓዳ ብቻ ነው።

ከዚያ የተሰበረውን ቦታ አየሁ። በነገራችን ላይ የተሰበረ አጥንት ሲሰጣችሁ አትዘኑ። ሙሉ አጥንት ውስጡን አያሳይም፣ ስብራት ያሳያል። የዝይ ሑመረስ ሲሰበር ቀጭን ግድግዳ ያለው ቱቦ ነው። የኛ ግድግዳው ወፍራም፣ መሃሉ ጠባብ ነው። ደግሞም ክብ አይደለም። ከላይና ከታች የተጨፈለቀ ይመስላል፤ እንደ መቅዘፊያ።

ዝይ እዚህ ላይ ወደቀ። ከባድና አየር የሌለው አጥንት ውሃ ውስጥ ለሚጠልቅ ወፍ ይጠቅመዋል፤ እንዳይንሳፈፍ ያግዘዋል። ጠፍጣፋው ክንፍ ደግሞ በምን እንደሚጠልቅ ይናገራል። ጠላቂ ወፎች በሁለት ይከፈላሉ። እንደ ኮርሞራንት ያሉት በእግራቸው ይቀዝፋሉ፤ የክንፋቸው አጥንት አይጠፈጠፍም። ሌሎቹ ውሃው ውስጥ በክንፋቸው “ይበራሉ”። የኛ ከሁለተኞቹ ነው።

እና እኔ ምን አልኩ? ፔንግዊን!

ሁለት ሳምንት ሙሉ ፔንግዊን ነው ብዬ አመንኩ። በሰሜን አትላንቲክ የተገኘ ፔንግዊን! እንቅልፍ አልወሰደኝም። የጽሑፉን ርዕስ ሳይቀር አዘጋጀሁ። ለኃላፊዋ ስነግራቸው አልሳቁብኝም። ወደ መሳቢያዎቹ ሄደው የእውነተኛ ፔንግዊን ታርሶሜታታርሰስ አመጡና ከኔው አጠገብ አስቀመጡት። ምንም ሳይናገሩ ሻያቸውን ይዘው ወጡ።

የፔንግዊኑ አጭርና ሰፊ ነው። የተዋሃዱት ሦስት አጥንቶች ፈጽሞ አንድ አልሆኑም፤ በመሃላቸው ቦይና ቀዳዳ ይታያል። አንዴ ካያችሁት አይረሳችሁም። የኔው ግን ቀጠን ያለ፣ በደንብ የተዋሃደ የተለመደ የወፍ እግር ነው። ተመልሼ የክርኑን ጫፍ አየሁ። የፔንግዊን ሑመረስ ከታች ጅማት የሚንሸራተትባቸው ጎልተው የወጡ ጠርዞች አሉት። የኔው እንደዚያ አይደለም።

ከዚህ ያገኘሁት ትምህርት እስካሁን የምሠራበት ነው። ሁለት የማይዛመዱ ወፎች አንድ ዓይነት ሥራ ከሠሩ፣ ለዚያ ሥራ የሚውለው አካላቸው ይመሳሰላል። ክንፉ ለመቅዘፍ ከሆነ ሁለቱም ይጠፈጠፋል። ስለዚህ ዝምድናን ስትፈልጉ ለሥራው ያልተጠመደውን አጥንት ተመልከቱ። እኔ አፍጥጬ የነበረው ክንፉ ላይ ነው። መልሱ ያለው እግሩ ላይ ነበር።

እግሩ ሌላም ነገር ነገረኝ። ብዙ ወፎች ወደ ኋላ የሚዞር ትንሽ ጣት አላቸው፤ ጣቱ በታርሶሜታታርሰሱ ላይ የተያያዘበት ጠባሳ ይተዋል። የኔው ላይ ያ ጠባሳ የለም። በክንፉ የሚጠልቅ፣ የኋላ ጣት የሌለው፣ የሰሜን ባሕር ወፍ። ይህ ወደ ኦኮች ቤተሰብ ይወስዳል፤ ፓፊን፣ ጊልሞት፣ ሬዘርቢል ወዳሉበት።

በዚህ ደረጃ የሚያስፈልጋችሁ ነገር መጽሐፍ አይደለም። የዘመናችን ወፎች አጥንት ያለበት ስብስብ ነው። ፎቶ ይረዳል፤ ግን ፎቶ አንድ ማዕዘን ብቻ ያሳያል። አጥንት ደግሞ ማዕዘኑ ትንሽ ሲዞር ሌላ ይመስላል። ቢያንስ ከአንድ ዝርያ አምስት ስድስት ግለሰቦችን ለማየት ሞክሩ፤ ወንድም ሴትም። ያለዚያ በሁለት ወንድማማቾች መካከል ያለን ልዩነት የዝርያ ልዩነት ታደርጉታላችሁ። ስብስቡ እናንተ ጋ ከሌለ ወዳለበት ጻፉ። ሙዚየሞች ለተመራማሪ አጥንት በውሰት ይልካሉ፤ ወይም መጥታችሁ እንድታዩ ይፈቅዳሉ። ደብዳቤያችሁ ላይ የትኛውን አጥንት፣ የየትኛውን ዝርያ፣ ምን ለማየት እንደፈለጋችሁ ለይታችሁ ጻፉ። “ወፎቻችሁን ማየት እፈልጋለሁ” ላለ ሰው መልስ የሚሰጥ የለም።

እኔ ጋ የኦኮች መሳቢያ ነበር። ትሪውን ደርድሬ አንድ በአንድ አስተያየሁ። ቅርጹ ከሬዘርቢል ጋር በጣም ይቀራረባል። የትከሻው ጫፍ፣ የጎድጓዳው ቅርጽ፣ የዘንጉ ጠፍጣፋነት። ችግሩ መጠኑ ነው። የኔው ሑመረስ ግማሹ ብቻ ቢሆንም ከሬዘርቢሉ በጣም የገዘፈ ነው። ሬዘርቢል ከአንድ ኪሎ በታች የሆነ ወፍ ነው። ይህኛው ብዙ እጥፍ ይከብዳል።

ዛሬ በሕይወት ካሉት ኦኮች እንዲህ የሚያክል የለም። ከጠፉት አለ። ታላቁ ኦክ፣ በሳይንሳዊ ስሙ ፒንጉይነስ ኢምፔኒስ። አምስት ኪሎ ገደማ የሚመዝን፣ መብረር የማይችል ወፍ። የመጨረሻዎቹ ጥንዶች እ.ኤ.አ. በሰኔ 1844 ከአይስላንድ ጠረፍ ወጣ ባለች ኤልዴይ በምትባል ደሴት ላይ ተገድለዋል። ደግሞ ስሙን ልብ በሉት። “ፔንግዊን” የሚለው ስም መጀመሪያ የዚህ ወፍ ነበር። የአውሮፓ መርከበኞች ወደ ደቡብ ወርደው ሌሎቹን ሲያዩ፣ ስለመሰሏቸው ስሙን ሰጧቸው። እና የኔ ሁለት ሳምንት ስህተት የቆየ ስህተት ነው። መርከበኞቹ ቀድመውኛል።

ጨረስኩ ብዬ ወደ ኃላፊዋ ሄድኩ። ሁሉን ጠረጴዛ ላይ ደርድሬ አስረዳሁ። አዳመጡኝና ትንሿን ፌስታል አነሱ።

“ይህ ምንድን ነው?”

“ሌላ ወፍ ነው። የሬዘርቢል አልና ይመስለኛል፣ ርዝመቱ ይገጥማል።”

“ለምን ለየኸው?”

“ትንሽ ስለሆነ።”

“ከምን ጋር ሲወዳደር?”

መልስ አልነበረኝም። ከምን ጋር? በጭንቅላቴ ውስጥ ካለው “የተለመደ ወፍ” ጋር ነው። የሚበር ወፍ ላይ አልና ረጅም ነው። ከክንፍ ላባዎች ወደ ሰውነት የሚቀርቡት፣ ሁለተኛ ደረጃ የሚባሉት፣ የሚደገፉት እሱ ላይ ነውና። የማይበርና በክንፉ የሚቀዝፍ ወፍ ግን ረጅም ክንድ አያስፈልገውም፤ ውሃ ውስጥ እንቅፋት ነው። ታላቁ ኦክ ያን የሚያህል አካል ይዞ የክንፉ ርዝመት 15 ሴንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ነበር። አልናው ከሑመረሱ እጅግ ያጥራል። ማጠሩ የስህተት ምልክት ሳይሆን የወፉ መታወቂያ ነበር።

አልናውን አውጥቼ በእውነት አየሁት። በርዝመት የሬዘርቢልን ይመስላል፤ በውፍረት ግን የሬዘርቢሉ አጠገቡ አይደርስም፣ የኔው ደንዳና ነው። የክርኑን ጫፍ ከቀኝ ሑመረሱ ጋር አገናኘሁት። መገጣጠሚያው ልክ እንደ ክዳን ገጠመ። እኔ ከሳጥኑ ያባረርኩት አጥንት ከሁሉም ይልቅ የሚናገረው ነበር። ደግሞ ያባረርኩት በጥንቃቄ ስም ነው፤ የሚያናድደኝ እሱ ነው። የማይመጥን የመሰላችሁን ቁራጭ ስትለዩ ፌስታሉ ላይ “ለምን?” የሚለውን ምክንያት ጻፉ። እኔ “ትንሽ” ብዬ ብቻ ስለጻፍኩ፣ ምክንያቴ ባዶ መሆኑን ለአምስት ወር አላየሁትም።

ሁለት አጥንቶች መግጠማቸው ግን የአንድ ወፍ መሆናቸውን አያረጋግጥም። የአንድ ዝርያ ሁለት ወፎች አጥንትም ይገጥማል። ታላቁ ኦክ ላይ ይህ ጉዳይ ይብሳል። በየሙዚየሙ ቆሞ የምታዩት አጽም አብዛኛው ከካናዳዋ ፈንክ ደሴት የመጣ ነው። ወፎቹ በብዙ ሺህ ተገድለው አጥንታቸው አፈሩ ውስጥ ተደባልቆ ቀርቶ ነበር። በ1887 እዚያ የተለቀሙት አጥንቶች ወደየቦታው ሲሰራጩ፣ ከብዙ ወፎች አንድ አጽም እየተገጣጠመ ነው። ስለዚህ ከቆመ አጽም ላይ “አልናው የሑመረሱ ይህን ያህል ነው” ብላችሁ ስሌት ስትወስዱ፣ የአንዱን ወፍ ክንድ ከሌላው ትከሻ ጋር እያካፈላችሁ ሊሆን ይችላል። በአንድ አጽም ላይ አትደገፉ። የብዙ ነጠላ አጥንቶችን ልኬት ውሰዱና ዝቅተኛውንና ከፍተኛውን እዩ።

የደረት አጥንቱም አንድ ጊዜ አደናግሮኛል። የማይበር ወፍ የደረቱ ሸንተረር ይጠፋል የሚል ነገር ተምሬ ነበር። ሰጎን ላይ እውነት ነው፤ በደሴት ላይ መብረር የተዉ ብዙ ወፎች ላይም ሸንተረሩ ይቀንሳል። የኔው ቁራጭ ላይ ግን ሸንተረሩ ቆሟል። ነገሩ ቀላል ነው። ሸንተረሩ የክንፍ ጡንቻ መያዣ ነው። ታላቁ ኦክ በአየር ላይ ባይበርም በውሃ ውስጥ ክንፉን ይመታ ነበር። ጡንቻው ሥራ ላይ ነበር፤ መያዣውም ቀረ።

አሁን “ታላቁ ኦክ” ብሎ መጻፍ ይቻላል ወይ? እዚህ ጋ ቸኩዬ ተይዣለሁ። ፒንጉይነስ የሚለው ጂነስ (የቅርብ ዘመድ ዝርያዎች የሚጠሩበት የጋራ ስም) ሁለተኛ የታወቀ ዝርያ አለው። በአሜሪካ ሰሜን ካሮላይና፣ ሊ ክሪክ ከሚባል የፎስፌት ማዕድን ማውጫ የወጡ አጥንቶች በ1977 በስቶርስ ኦልሰን ፒንጉይነስ አልፍረድኒውቶኒ ተብለው ተሰይመዋል። እነዚያ የፕሊዮሲን ዘመን ናቸው፤ በሚሊዮን ዓመት የሚቆጠር ዕድሜ አላቸው። የኛ ዋሻ አፈር እጅግ የቀረበ ዘመን ነው። “ስለዚህ ኢምፔኒስ ነው” ማለት ያምራል። ግን ያ ከአፈሩ የተወሰደ ስም ነው፣ ከአጥንቱ አይደለም። ነገ አንድ ሰው “የዋሻው አፈር የቅርብ ዘመን ነው፤ ኢምፔኒስ ተገኝቶበታልና” ቢል ክቡ ይዘጋል። እናንተም ሳታውቁ ራሳችሁን ምስክር አድርጋችኋል።

ለዚህ ነው የእርግጠኝነት ምልክቶች ያሉት። ጂነሱን አውቃችሁ ዝርያውን ካላወቃችሁ ከጂነሱ ስም ቀጥሎ “ዝርያው ያልተለየ” ትላላችሁ። ከአንድ ዝርያ ጋር ይመሳሰላል፣ ግን የሚለየው ክፍል ጎድሏል ከሆነ፣ በስሙ መሃል “ሲኤፍ” የምትባል ምልክት ትገባለች፤ “ከዚህ ጋር አወዳድር” ማለት ናት። ብዙ ሰው ይህችን ምልክት እንደ ሽንፈት ያያታል። እኔም አየኋት። የመጀመሪያው መዝገባችን “ሲኤፍ” ይዞ ወጣ፤ ሳምንት አኮረፍኩ። በውሰት የመጡትን የኢምፔኒስ አጥንቶች ካየንና ከ1977ቱ መግለጫ ጋር ነጥብ በነጥብ ካስተያየን በኋላ ነው ምልክቷ የወጣችው።

ስለ እንግሊዛዊው የአጥንት ተመራማሪ ሪቻርድ ኦወን የሰማ ሁሉ ይህን ታሪክ በተቃራኒው ይነግራችኋል። በ1839 ሁለቱም ጫፎቹ የሌሉትን 15 ሴንቲ ሜትር ያህል የጭን አጥንት ቁራጭ አይቶ፣ በኒው ዚላንድ ግዙፍ ወፍ ነበር አለ። ሳቁበት። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ተጨማሪ አጥንቶች መጡና ልክ ሆነ፤ ሞአ የምንለው ወፍ ነው። ታሪኩ የሚወራው “ከአንድ ቁራጭ ሁሉን አወቀ” ተብሎ ነው። እኔ የማደንቀው ሌላውን ነው። በዚያች ቁራጭ ላይ ተመሥርቶ “ትልቅ፣ ሰጎንን የሚያህል ወፍ ነው” አለና እዚያ ላይ አቆመ። ዳይኖርኒስ የሚለውን ስም ያወጣው በ1843፣ ተጨማሪ አጥንት ሲያገኝ ነው።

ያላቆሙትም አሉ። በሎስ አንጀለስ ከራንቾ ላ ብሬያ የሬንጅ ጉድጓድ የወጣ ወፍ በ1909 የፒኮክ ዘመድ ተብሎ ተሰይሞ ነበር። ኋላ ቱርክ መሆኑ ታወቀ። ሞአዎቹም ላይ ትልልቆቹና ትንንሾቹ የተለያዩ ዝርያዎች ተብለው ለረጅም ጊዜ ቆዩ። በ2003 ከአጥንታቸው የወጣ ዲኤንኤ ሲመረመር ትልልቆቹ ሴት፣ ትንንሾቹ ወንድ ሆነው ተገኙ። ባልና ሚስትን ሁለት ዝርያ አድርገዋቸው ነበር። መጠንን ለመጨረሻ አቆዩት የምለው ለዚህ ነው።

ዕድሜንም እዩ፤ የወፉን የሕይወት ዕድሜ ማለቴ ነው። የጫጩት አጥንት ጫፎቹ እንደ ስፖንጅ ቀዳዳ የበዛባቸውና የቅርጽ ምልክታቸው ያልጠራ ነው። የኛው ጫፎች ለስላሳና ድፍን ናቸው፤ አዋቂ ነው። ጫፉ ስፖንጅ ከሆነባችሁ ልኬት መውሰዱን ተዉት።

አሁን ወደ ማፍርበት ጉዳይ። የጭን አጥንቱ እየተሰነጠቀ ስለነበር በመጀመሪያው ሳምንት ማጠንከሪያ ቀባሁት። ፓራሎይድ ቢ-72 የሚባለውን፤ ሙዚየሞች የሚጠቀሙበት ጥሩ ነገር ነው፣ በአሴቶን ይለቃል። ጥፋቱ ማጠንከሪያው ላይ አይደለም፣ ቅደም ተከተሉ ላይ ነው። ለካርቦን ዕድሜ ልኬትና ለዲኤንኤ የሚሆን ናሙና የሚወሰደው ምንም ከመቀባቱ በፊት ነው። የተቀባ ነገር በተለይ ስንጥቅ ውስጥ ከገባ አጥርቶ ማውጣት ያስቸግራል። የጭን አጥንቱ ቅርጽ ስለሌለው ለመለየት አይጠቅምም ነበር፤ ለናሙና ግን የሚመረጠው እንዲህ ያለው ነው። እኔ እሱን አበላሸሁና ወደ ጎድን ስብርባሪዎቹ ዞርን። አንዱ ተላከ። ለልኬቱ የሚያስፈልገው ኮላጅን የተባለ የአጥንት ፕሮቲን በበቂ አልተገኘበትም ተብሎ ተመለሰ። ስለዚህ ወፋችን የካርቦን ዕድሜ የለውም።

ዕድሜ ቢወጣለትም አንድ ነገር ነበረበት። የባሕር ወፍ የሚበላው ከባሕር ነው። የባሕር ውሃ ውስጥ ያለው ካርቦን ደግሞ የቆየ ነው። ስለዚህ የአጥንቱ ዕድሜ ከእውነተኛው በመቶዎች ዓመታት አርጅቶ ይነበባል። ላቦራቶሪው እንዲያስተካክለው ናሙናው የባሕር ወፍ መሆኑን ንገሩት። “ዝይ?” ከሚል ካርድ ጋር ብትልኩት ማንም አያስተካክልላችሁም።

ቦታን በተመለከተ አንድ ቃል። “ወፉ እዚያ አይኖርም ነበር” ብላችሁ ዝርያ አትሰርዙ። የታላቁ ኦክ አጥንት ከጅብራልታርም ከፍሎሪዳም ወጥቷል፤ ማንም የሰሜን ወፍ ብሎ የሚያስበው ቢሆንም። ቦታ ግምት ይሰጣል እንጂ አይፈርድም። የኔን ፔንግዊን በቦታው ብቻ ሰርዤው ቢሆን ኖሮ በአጋጣሚ ልክ እሆን ነበር፤ እግሩን ማየት ግን አልማርም ነበር።

ሪፖርቱን ስትጽፉ እያንዳንዱን ምልክት የየትኛው ቁራጭ ላይ እንዳያችሁት በመዝገብ ቁጥሩ ጥቀሱ። “የክንፉ አጥንት ጠፍጣፋ ነው” አይበቃም፤ የግራው ነው የቀኙ? ፎቶውን ከማነጻጸሪያው አጥንት ጋር በአንድ ማዕዘን፣ በአንድ የብርሃን አቅጣጫ አንሱ፤ መለኪያ ማስመሪያ አጠገቡ ይሁን። ያሰናበታችኋቸውንም ወፎች ጻፉ። እኔ ዝይንና ፔንግዊንን ለምን እንዳሰናበትኩ አንድ ገጽ ጽፌያለሁ። አንድ ሰው ሪፖርቱን አንብቦ ያመሰገነኝ በዚያ ገጽ ነው፤ እሱም ፔንግዊን ብሎ ነበርና።

ሳጥኑ አሁን አዲስ ካርድ አለው። አሮጌው ከሥሩ ተቀምጧል፤ የድሮ ካርድ አይጣልም። ዘጠኙ ቁርጥራጮች ፒንጉይነስ ኢምፔኒስ ተብለዋል፤ ጭኑና ጎድኖቹ አብረው ስለተገኙ ብቻ እንደገቡ ተጽፎባቸዋል። ሁለቱ የአከርካሪ አጥንቶች ግን ተሸርሽረው የሚያወዳድሩት ነገር አልቀረባቸውም። በትንሿ ፌስታል ውስጥ ናቸው፤ የአልናው የነበረችው። “ወፍ፣ ያልተለየ” ይላል፤ ከሥሩም ምክንያቱ ተጽፏል።